ነጭ ሽንኩርቱን አታቁላዪው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባለቤቴ ለሥራ ጆርጂያ ደርሶ ከመጣ ወዲህ ወሬው ሁሉ ሽክመሩሊ ስለሚባል የነጭ ሽንኩርት ዶሮ ሆኗል። ላስደስተው ብዬ ሞከርኩ። ዶሮውን እንደ ዶሮ ወጥ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጠብኩ። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ቅቤ ላይ አቁላላሁ፣ ዶሮውን ጨመርኩ፣ ወተቱን ከላይ አፈሰስኩ። ወተቱ አይብ መሰለ፣ ነጭ ሽንኩርቱም መረረ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለት ነገር ነው ያበላሸብሽ፤ ሎሚውና ቁሌቱ።

የሎሚው ቀላል ነው። ወተት ሎሚ ከነካው ይበጣጠሳል፣ እሳቱ ሲበረታበት ደግሞ ይብሳል። ያንቺ ዶሮ ቆዳው ሥር ሎሚ ይዞ ነው ድስት የገባው። ለዚህ ምግብ ሎሚውን ተዪው።

ቁሌቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። እጅሽ የለመደውን ነው ያደረገው። እኛ ወጥ ስንሠራ ነጭ ሽንኩርት ከነቁሌቱ ገብቶ ሲንተከተክ ይውላል። ጆርጂያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በጨው ተወቅጦ ነው የሚገባው። እኔም ይህን ያወቅኩት አጥፍቼ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ ተማሪ ነበርኩ። እሁድ እሁድ የክፍል ጓደኛዬ እናት ቤት እሄዳለሁ። ላግዝ ብዬ የከተፍኩትን ነጭ ሽንኩርት የጋለ መጥበሻ ላይ ልበትን ስል እጄን ከአየር ላይ ያዙኝ። «ጎጎ!» አሉኝ፤ ልጅት እንደማለት ነው። ከዚያ የድንጋይ ሙቀጫቸውን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

ፍሬዎቹን ልጠው፣ አንድ ቁንጥር ደቃቅ ያልሆነ ጨው ጣል አድርገው ሰጡኝ። ጨው ሲኖር ነጭ ሽንኩርቱ አይፈናጠርም፤ ጨው እንደ አሸዋ ይፈጨዋል። መጀመሪያ ይሰባበራል፣ ከዚያ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ እንደ ቅባት ይለሰልሳል። ያኔ ዓይን ያቃጥላል። እስከዚያ ድረስ ነው መወቀጥ ያለበት።

ምክንያትም አለው። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት ብዙም አይሸትም። ሲሰበር ግን በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና አሊሲን የሚባለው ይፈጠራል፤ ያ የምናውቀው የሚያቃጥል ኃይል እሱ ነው። ረጅም እሳት ያለዝበዋል፣ ካረረ ደግሞ መራራ ይሆናል። ጆርጂያዎች የሚፈልጉት ያንን ኃይል ነው፤ ለዚህ ነው እሳቱን የሚያሳጥሩበት።

እንግዲህ ሽክመሩሊን እንዲህ ሥሪው። የፈረንጅ ዶሮ ግዢ፣ ወደ 1 ኪሎ ከ200 ግራም የሚሆን። የሀበሻ ዶሮ በዚህ አሠራር አይበስልልሽም። ደረቱን ሰንጥቀሽ እንደ መጽሐፍ ዘርጊው፣ በጨርቅ አድርቂው፣ ጨው እሺው። ወፍራም መጥበሻ ላይ 50 ግራም ለጋ ቅቤ ከትንሽ ዘይት ጋር አሙቂ። በቅመም የተነጠረውን ቅቤ አታስገቢ፤ ኮረሪማው ነጭ ሽንኩርቱን ይሸፍነዋል። ዶሮውን በቆዳው በኩል አስተኝተሽ ከላይ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ክብደት ያለው ነገር ጫኚበት። በመካከለኛ እሳት በእያንዳንዱ ጎን 20 ደቂቃ ያህል። ጭኑን ስትወጊው የሚወጣው ፈሳሽ ደም የሌለበት፣ ጥርት ያለ መሆን አለበት።

ዶሮውን አውጥተሽ ቆራርጪ። እሳቱን ዝቅ አድርጊና መጥበሻው ላይ የቀረው ቅባት ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር ያልተቀነሰበት ወተት አፍስሺ። የታችኛውን ቡናማ ነገር በማንኪያ ፋቂው፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ወተቱ ሲሞቅ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት፣ ከ10 እስከ 12 ፍሬ፣ ጨምሪ። ዶሮውን መልሺ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ሳይፍለቀለቅ፣ ከዚያ አውርጂ። እነሱ ኬጺ በሚባል የሸክላ መጥበሻ ያቀርቡታል፤ ያንቺ የሸክላ ድስት ካለ በደንብ ይሆናል። ዳቦ አይጥፋ፣ መረቁ የሚበላው በዳቦ ነው። ስሙ ራጫ በሚባለው የጆርጂያ ተራራማ አካባቢ ካለች ሽክመሪ ከምትባል መንደር የመጣ ነው። ባለቤትሽ ያንን ቢነግሩት ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የጆርጂያ ምግብ ለጾም የሚሆን አለው? ዋልነት ውድ ስለሆነ በለውዝ ብተካስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሞልቷል ወንድሜ። እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጾማቸው ብዙ ነው፣ የጾም ገበታቸውም ዋልነትና ነጭ ሽንኩርት ላይ የቆመ ነው። ባድሪጃኒ ኒግቭዚት ሞክር። ደበርጃን በዋልነት ማለት ነው፤ ባድሪጃኒ የኛው ደበርጃን ነው፣ ስሙ ራሱ ዘመድ ነው። በቁመቱ በስሱ ቁረጠው፣ ጨው ነስንሰህ ግማሽ ሰዓት አቆየው፣ ውሃውን ጨምቀህ ጥበሰው። 200 ግራም ዋልነት ከ3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ዘይቱ እስኪወጣ ውቀጥ። የተፈጨ ድምብላል፣ ትንሽ ሚጥሚጣ፣ አንድ ማንኪያ አቼቶ፣ ለማለስለስ ጥቂት ውሃ። ደበርጃኑ ላይ ቀብተህ ጠቅልለው፣ ከላይ ሮማን በትንበት።

እነሱ ኡትስኾ ሱኔሊ የሚሉት ቅመም ይጨምሩበታል። የአብሽ ዘመድ ነው፣ ግን ከአብሽ ይለዝባል። የኛን አብሽ ከተጠቀምክ በጣት ጫፍ የምትይዘው ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ይመርሃል።

ለውዙን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፤ የሚበላ ነገር ይወጣዋል፣ ባድሪጃኒ ግን አይሆንም። ከመተካት ይልቅ ግማሹን ሥራ። ዋልነቱንም ከመውቀጥህ በፊት አንዱን ቅመስ። ሱቅ ውስጥ የቆየ ከሆነ ይሻግታል፣ አንድ የሻገተ ፍሬ ሳህኑን በሙሉ ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርቱን አንዴ ወቅጬ ዘይት አፍስሼበት መደርደሪያ ላይ ባቆየውስ? (ከደሴ)

መልስ፦ መደርደሪያ ላይ በፍጹም! ዘይቱ አየር ይከለክለዋል፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ጀርም ደግሞ አየር የሌለበትን ይወዳል። ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ ሊመርዝ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ4 ቀን አይለፍ። ለጆርጂያ ምግብ ግን እሱም አያስፈልግም። በሙቀጫ 10 ፍሬ መውቀጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ያደረ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ያ ዓይን የሚያቃጥለው ኃይሉ ይቀንሳል።