ሰፈራችሁን ከመሬቱ በፊት በእድሩ ፈልጉት

ባሕር ዳር አድጋችሁ በሰው አገር ብዙ ዓመት ለቆያችሁ፣ በተለይ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ልጆች አንድ ነገር ልምከራችሁ። አገር በገባችሁበት ቀን ወደ ሰፈራችሁ አትሂዱ።

እኔ ሄጃለሁ። ከ19 ዓመት በኋላ ተመልሼ፣ ሻንጣዬን ሆቴል አስቀምጬ፣ ባጃጅ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ልጁ የሰፈሩን ስም እንደነገርኩት ነድቶ አደረሰኝ። «ይኸው» ሲለኝ የት እንዳለሁ አላወቅሁም። ግቢያችን የለም፣ ቦኖው የለም፣ የጎረቤቶቻችን የጭቃ ቤቶች የሉም። ሰፊ መንገድና ፎቅ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ምን ሆነሃል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ማንስ ያውቀኛል? እኛ ደግሞ ለቅሶ ብቻችንን ማልቀስ አልለመድንም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ሰዎቹን ፈልጉ፤ የሚገኙትም በእድሩ ነው። ቤት ይፈርሳል፣ ቀበሌ ይቀላቀላል፣ የቤት ቁጥር ይቀየራል፤ የእድር መዝገብ ግን ሰውን ተከትሎ ይሄዳል። የእኛ ሰፈር ሰዎች ግማሹ ዓባይ ማዶ፣ ግማሹ ወደ ዘንዘልማ መውጫ፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ግን መዋጮውን ይዞ የማይመጣ የለም። ከመነሳታችሁ በፊት ለዘመድ ደውላችሁ የእድሩን ጸሐፊ ስልክ ያዙ። ወላጆቻችሁ መዝገብ ላይ የሰፈሩበትን ስም አጣርታችሁ ንገሩት፤ እናቴን ሰፈሩ ሁሉ በታላቅ እህቴ ስም «የእገሊት እናት» እያለ ስለሚጠራት፣ በክርስትና ስሟ ስጠይቅ አላውቃትም ተብዬ ነበር።

በሁለተኛው ጉዞዬ ጸሐፊው ከእናቴ ጋር ቡና ይጠጡ ከነበሩ አንዲት እማማ ጋር አገናኘኝ። እሳቸውን ይዤ ወደዚያው ቦታ ተመለስኩ። ፎቁን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩና እርምጃ መቁጠር ጀመሩ። «ቦኖው እዚህ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ወረፋ የምንይዝበት። እዚህ ደግሞ የናትህ ጉልቻ።» አስፋልቱ ላይ በከዘራቸው ጫፍ ነክተው አሳዩኝ። እናንተም መነሻችሁን ከማይነቀለው ነገር አድርጉ፤ ከሐይቁ፣ ከዓባይ፣ ከጊዮርጊስ። «ድልድዩ ጋ» ብላችሁ ከሰው ጋር ስትቀጣጠሩ ግን የትኛው እንደሆነ ለዩ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ልጅ ሆናችሁ የተሻገራችሁት አይደለም።

ደግሞም ያ ሰፈር ከጥንት የነበረ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካው ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1955 በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ የምንለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1956 ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ መብራት መስጠት ጀመረ። ወላጆቻችን ከየገጠሩ መጥተው ፈትልና ሽመና ክፍል የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው። አባቴ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ጸጉሩና ቅንድቡ በጥጥ ብናኝ ነጥቶ ይመጣል፤ እናቴ ደጃፍ ላይ አስቁማ በነጠላዋ ጫፍ ታራግፍለታለች። ከእነሱ በፊት ግን ሐይቁ ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ነበሩ። ከተማው እየሰፋ በሄደ ቁጥር እነሱ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ሰው በእኛ ቤት አልሰማሁም። ይህን ያሰብኩት የእኛው ግቢ ከፈረሰ በኋላ መሆኑ ያሳፍረኛል።

ቡና ላይ ስትቀመጡ «ድሮ እንዴት ደስ ይል ነበር» ለማለት አትቸኩሉ። እኔ ብዬ እኚያው እማማ «አንተ ትዝታውን ይዘህ ሄድህ፤ እኛ ጣሪያው ሲያፈስብን ኖርን» ብለውኛል። አዲሱን መንገድም እንዳያችሁ አታወድሱ። ፈረቃ ሲለወጥ ፋብሪካው በር ላይ ሻይና እንጀራ ሸጣ ልጆች ያሳደገች ሴት አጠገባችሁ ተቀምጣ ይሆናል፤ የተሰጣት ቤት ሩቅ ነው፣ ደንበኞቿ አልተከተሏትም። ውሃው ይመጣል ወይ፣ ለትራንስፖርት በቀን ስንት ታወጣላችሁ፣ ልጆቹ የት ይማራሉ ብላችሁ ጠይቁ።

የቤተሰብ ቤት በስማችሁ ወይም በወላጅ ስም ካለ የግብር ደረሰኙንና ካርታውን አሁኑኑ አሰባስቡ፤ ውክልናውንም አስቀድማችሁ በኤምባሲ በኩል ጨርሱ። ስለ ካሳና ስለ መልሶ ማቋቋም የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ራሳችሁ አንብቡት። ቤቱ ሊፈርስ ሲል ከሩቅ ሆኖ ወረቀት መፈለግ እህትና ወንድምን ያጣላል፤ እኛን ለሁለት ዓመት አኮራርፎናል።

የድሮ ፎቶ ካላችሁ በወረቀት አሳትማችሁ ሂዱ። በስልክ ብታሳዩአቸው ለአዛውንት ዓይን አይታይም፤ ከእጅ ወደ እጅም አይዞርም። እኔ በጥምቀት ዕለት አጥራችን ሥር የተነሳነውን አንድ ፎቶ ይዤ ነበር። ጠርዙ ላይ ግማሽ ፊቱ የተቆረጠ ልጅ አለ። አንዱ የእገሌ ልጅ ነው ይላል፣ ሌላው የለም የታናሽየው ነው ይላል፤ አቦሉ አልቆ፣ ቶናው አልቆ፣ በረካው ላይ አንዲት ሴት ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱትና ጸጥ አሉ። ልጃቸው ነበር። ሌላ ፎቶ የለውም። እዚያው ትቼላቸው መጣሁ።