ከስሕተት ለቀማ ይልቅ ሰከንድ ቁጠሩ፦ አርኪዮሎጂን በፊልምና በቴሌቪዥን ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በዚህ ጥናት አብዛኛው ጀማሪ የሚጠመደው ስሕተት በመልቀም ነው። መሣሪያው የዘመኑ አይደለም፣ ቤተ መቅደሱ ያለው ሌላ አገር ነው እያለ ገጽ ይሞላል። ቶሎ የሚያልቅ፣ ብዙም የማያስተምር ሥራ ነው። ይልቅስ ፊልሙ ጊዜውን በምን ላይ እንዳዋለ ለኩ።

እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙንን መቃብር ያገኘው በ1922 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዕቃውን አውጥቶ ለመጨረስ ግን አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሃሪ በርተን እዚያ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ፈልጋችሁ እዩ፤ ገና ካልተነሡት ዕቃዎች አጠገብ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ካርዶች ታገኛላችሁ። የሙያው ልብ እነዚያ ካርዶች ላይ ነው። ከየት፣ ከምን ጎን፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ያልተመዘገበ ዕቃ ወርቅም ቢሆን የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለዚህ ፊልም ስታዩ ዕቃው ብቅ ካለበት እስኪነሣ ድረስ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ቁጠሩ። በመሐል የመለኪያ ዘንግ፣ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ የሚያመለክት ቀስት፣ ፕላን የሚነድፍ ሰው ታየ?

መጀመሪያ ብዕር ሳትይዙ እዩት። ሁለተኛ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ሦስተኛ ምስሉን ሸፍናችሁ እየሰማችሁ። ከዚያ በሠንጠረዥ መዝግቡ፦ ቀረጻው የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የሚታየው፣ የሚናገረው፣ ሙዚቃው፣ የምስሉ ዓይነት። ዓይነት ስል ትክክለኛው ቦታ ነው፣ የቆየ ፊልም ነው፣ ተዋንያን የሠሩት ነው ወይስ የኮምፒውተር ምስል ማለቴ ነው። የአሥር ደቂቃ ፊልም ግማሽ ቀን ሊበላ ስለሚችል ሙሉ ተከታታይ ልመዝግብ አትበሉ። የመክፈቻውንና የመዝጊያውን አምስት አምስት ደቂቃ፣ እንዲሁም ከማስታወቂያ በፊትና በኋላ ያለውን ያዙ። ክፍሎቹን የምትመርጡበትን ደንብ፣ ለምሳሌ በየሦስተኛው ክፍል የሚለውን፣ ከማየታችሁ በፊት ጻፉት፤ አለዚያ ዓይናችሁ ጩኸታሙን ብቻ ይለቅማል። አንድ ዘጋቢ ፊልም ለሌላ ጣቢያ ሲሸጥ ሊያጥርና ተራኪው ሊቀየር ስለሚችል ጣቢያውን፣ የተላለፈበትን ቀንና ርዝመቱን አብራችሁ አስፍሩ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምትሰጡት አንድ ግምት እንዴት ወደ እውነት እንደሚለወጥ ለመከታተል ይሁን። 12ኛው ደቂቃ ላይ ተራኪው «ይህ የንግሥት መቃብር ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል እንበል። ከማስታወቂያ በኋላ «የንግሥቲቱ መቃብር» ይላል። በመሐል አንድ አካፋ አፈር አልተዛቀም፤ የጥያቄ ምልክቱ ብቻ ነው የጠፋው። ሁለቱን ደቂቃዎች በአንድ ቀለም አስምሩባቸው። ባለሙያው እየተናገረ ምስሉ ድንገት ወደ ተራራ ወይም ወደ ብሩሽ ከዞረም ልብ በሉ፤ ንግግሩ ተቆርጦ የተቀጠለበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ለባለሙያው ጽፋችሁ ሳትጠይቁ እንዳትደመድሙ።

ተመልካች ምን እንዲጠብቅ እንደተደረገም እዩ። ቢቢሲ ከ1968 እስከ 1970 አርኪዮሎጂስቱ ሪቻርድ አትኪንሰን እንግሊዝ ውስጥ በሲልበሪ ሂል የመራውን ቁፋሮ ደግፎ አስተላልፏል። የተጠበቀው መቃብር አልተገኘም፤ ብዙዎችም እንደ ከሸፈ ቆጠሩት። ከዚያ ሰው ሠራሽ ኮረብታ እምብርት ግን ለሺዎች ዓመታት ሳይበሰብስ የቆየ ሣርና ነፍሳት ወጥቷል። ለሙያው ይህ ትልቅ ግኝት ነው፣ ለካሜራ ግን አያበራም።

በ1994 የጀመረው፣ በየክፍሉ አንድ ቦታ በሦስት ቀን የሚቆፈርበት፣ የእንግሊዙ ቻናል ፎር ፕሮግራም «ታይም ቲም» ባዶ ጉድጓድንና የባለሙያዎችን ክርክር ሳይደብቅ ማሳየቱን አከብርለታለሁ። ነገር ግን የሦስት ቀኑ ገደብ የፕሮግራሙ እንጂ የሙያው አይደለም። ከቁፋሮ በኋላ ያለው ማጠብ፣ መለየት፣ ዕድሜ ማስላትና ሪፖርት መጻፍ ከቁፋሮው ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ በስክሪን ላይ ግን እምብዛም ቦታ የለውም።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ሲቆፍር የታየውን ሁሉ በአንድ ዓምድ፣ የተናገረውን በሌላ፣ ስሙ በስክሪን የተጻፈለትን በሦስተኛ ቁጠሩ። አካፋ ይዞ የሚታየው የአካባቢው ሠራተኛ ሦስተኛው ዓምድ ላይ የሚደርሰው ስንቴ ነው? ይህን ቆጠራ የሚሠራው ሰው ጥቂት ስለሆነ ከእናንተ ብዙ ይጠበቃል።

መነሻ ካስፈለጋችሁ የቁፋሮ ሪፖርቱ የታተመለትን ፕሮግራም ምረጡ። ዌሴክስ አርኪዮሎጂ የተባለው የእንግሊዝ የአርኪዮሎጂ ድርጅት የበርካታ «ታይም ቲም» ቁፋሮዎችን ሪፖርት አዘጋጅቷል። ሪፖርቱን ከሠንጠረዣችሁ ጎን ዘርግታችሁ በፊልሙ በእርግጠኝነት የተነገረው በሪፖርቱ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደተጻፈ፣ የትኛው ጉድጓድ ጭራሽ ሳይታይ እንደቀረ መስመር በመስመር አመሳክሩ።