ኒውዮርክ የሴቶች ጉባኤ ላይ በወጣት ተወካይነት መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ሁኔታ ኮሚሽን 62ኛ ስብሰባ ላይ በአንድ ማኅበር በኩል በወጣት ተወካይነት ተገኝቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሄዱ ልጆችን በዝግጅት አግዛለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንዳሉ አስፍሬ እመልሳለሁ።

ይሄ ነገር ከቤጂንጉ ጉባኤ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። የቤጂንጉ እ.ኤ.አ. በ1995 የተደረገ ነው፣ ከሜክሲኮ ሲቲ፣ ከኮፐንሃገንና ከናይሮቢ ቀጥሎ አራተኛው የዓለም የሴቶች ጉባኤ። 189 መንግሥታት የተቀበሉት የድርጊት መርሐ ግብሩ 12 አሳሳቢ ጉዳዮችን ይዘረዝራል። ኮሚሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ ሲሆን በየዓመቱ ማርች ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ይሰበሰባል። 45 አባል አገሮች አሉት፤ 13ቱ ወንበር የአፍሪካ ነው። እነዚያን 12 ጉዳዮች ሳታነቡ እንዳትሄዱ፣ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ እነሱን እየጠቀሰ ነው የሚያወራው።

የት ነው የሚመዘገበው? ክፍያስ አለው?

በግል አይመዘገቡም። ወይ በመንግሥት ልዑካን ቡድን ውስጥ ትገባላችሁ፣ ወይ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት (ኢኮሶክ) የአማካሪነት ዕውቅና ያለው ማኅበር ስማችሁን ያስመዘግባል። እኔ በሁለተኛው ነው የገባሁት። ኮሚሽኑ የመመዝገቢያ ገንዘብ አይጠይቅም። «ተወካይ ተብለሽ ተመርጠሻል፣ ይህን ያህል ዶላር ላኪ» የሚል መልእክት ከደረሰሽ አትላኪ፤ አንዲት ጓደኛዬ የስድስት ወር ቁጠባዋን በዚህ አጥታለች።

ቪዛውስ?

ምዝገባው ቪዛ አያስገኝም። በጊዜ ጀምሩ። ከአምስታችን ሁለቱ ተከልክለው ቀሩ፣ አንዷ ጉዳዩን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው ልጅ ነበረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ቡድን ሆናችሁ ስትዘጋጁ የምትናገሩትን ሁላችሁም ያዙት፣ አንዷ ብትቀር ሌላዋ ትሸከመው።

ወጣቶች የሚሄዱት ፎቶ ለመነሳት ነው ይባላል። እውነት ምን ትሠሩ ነበር?

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ፎቶ ብቻ ተነስቶ የሚመለስ አለ፣ ግን የጉባኤው ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መንግሥታት በሚደራደሩበት ሰነድ ላይ። ረቂቁ አስቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ ቃል በቃል ይጨቃጨቁበታል፣ ያልተስማሙበት ቃል በቅንፍ ውስጥ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጸድቀው በስምምነት ስለሆነ ጥቂት አገሮች አንድን ቃል አልፈልግም ካሉ ሐረጉ ይዳከማል። «ያረጋግጣሉ» የነበረው «ያበረታታሉ» ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን አገር ቤት ስትመለሱ መንግሥትን የምትጠይቁት በዚያ ቃል ነው።

የድርድሩ ክፍል ለማኅበራት ዝግ ነው። ታዲያ እኛ ምን አደረግን? የዚያ ዓመት ርዕስ የገጠር ሴቶችና ልጃገረዶች ነበር፤ እኔ ደግሞ በምሠራበት ወረዳ ልጆቹ ውሃ ለመቅዳት ሲሉ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋቸዋል፣ የወር አበባ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዤ ሄድኩ፦ ውሃና የትምህርት ቤት መጸዳጃ። በትንሽ ወረቀት አሳተምኩት። ዲፕሎማቶቹ ከድርድር ሲወጡ ምድር ቤት ያለው ቪየና ካፌ ቡና ይጠጣሉ፤ እዚያ ቆሜ እየጠበቅኩ አንድ በአንድ ሰጠኋቸው። የአፍሪካ አገሮች ብዙ ጊዜ በቡድን ስለሚደራደሩ የራሳችሁን ልዑክ ብቻ ሳይሆን ቡድኑን ወክሎ የሚናገረውንም ሰው ፈልጉት። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት የሌላ አፍሪካ አገር ዲፕሎማት ወረቀቱን አንብባ «የትኛው አንቀጽ ውስጥ ይግባ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር! ሌሊቱን ረቂቁን ሳነብ አደርኩና ጠዋት ቁጥሩን ይዤ ሄድኩ። እናንተ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ይቅርብኝ?

አይቅርብሽ እህቴ። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ በስድስት ቋንቋዎች ይተረጎማል፣ አማርኛ ግን የለበትም፤ የጎንዮሽ ንግግሩ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የሁለት ደቂቃ ንግግርሽን ጽፈሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ ደጋግሚው። የሚያዳምጡሽ ለሰዋሰውሽ ሳይሆን ለምታውቂው ነገር ነው።

ወንድ ነኝ፣ መሄድ እችላለሁ?

ትችላለህ። ቦጋለች ገብሬ ከምባታ ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለችው ወንዶችንና ሽማግሌዎችንም ውይይት ላይ አስቀምጣ ነው። ግን ንግግሩን ለእህቶችህ ተውላቸው፣ አንተ ወረቀት አድል፣ ማስታወሻ ያዝ።

ዲሲ ነው የምኖረው፣ ባጅ የለኝም።

ከተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውጭ ማኅበራት የሚያዘጋጁት ትይዩ መድረክ አለ፣ እዚያ ለመግባት የድርጅቱ ባጅ አያስፈልግም። በአውቶቡስ ነይ፣ ወፍራም ካፖርት ያዢ። እኛ በነበርንበት ማርች በረዶ ጥሎ ነበር፣ እኔ በስስ ጫማ ነበርኩ።

ከተመለስሽ በኋላ ምን ተለወጠ?

የጸደቀውን ሰነድ ይዤ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ቀን «ይሄ የኒውዮርክ ወረቀት ነው» አሉኝ። እኔም «መንግሥታችሁም የተስማማበት ነው» አልኩና ሕገ መንግሥቱን፣ ስለ ሴቶች መብት የሚናገረውን አንቀጽ 35ን አብሬ አስቀመጥኩ። አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። ትምህርት ቤቱ በር ያለው የሴቶች መጸዳጃ አግኝቷል። የውሃው ቧንቧ ገና አልገባም፣ ሰኞ እንደገና ቀጠሮ አለኝ።