አስራቴን ለችግረኛ እናት ብሰጣትስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። በግቢያችን የአራት ወር ሕፃንና የስድስት ዓመት ልጅ ይዛ ብቻዋን የምትኖር እናት አለች። ዘዳግም 14 አስራት ለመበለትና ለድሃ አደግ ይሰጥ ስለሚል፣ 1,200 ብሩን ለእሷ ብሰጣት አስራት ይሆንልኛል? የዱቄት ወተትም ልገዛላት አስቤያለሁ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጠቀሱት ቃል (ቁጥር 28 እና 29) በየሦስት ዓመቱ ስለሚወጣው አስራት ነው፤ እዚያም ሌዋዊው (የቤተ መቅደሱ አገልጋይ) ከመጻተኛው፣ ከድሃ አደጉና ከመበለቲቱ ጋር አብሮ ተጠርቷል። ሚልክያስ 3፥10 ደግሞ አስራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ ይላል። አስራት ከመጀመሪያውም የእርስዎ አይደለም፤ ምጽዋት የሚወጣው ከሚቀርልዎ 10,800 ብር ላይ ነው። ስለዚህ 1,200ውን ለደብርዎ ያግቡ፤ የእናቲቱን ችግር ለሰበካ ጉባኤው ያሳውቁ። ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት መበለቶች ከዕለቱ እደላ በመዘንጋታቸው ነውና (ሐዋ. 6) ደብሩም ጉዳዩ ነው።

ምጽዋቱን ከየት ላምጣ ካሉ ከጾምዎ ይጀምሩ። ረቡዕና ዓርብ በወር 8 ወይም 9 ቀን ይመጣሉ። ቁርስዎ 60 ብር የሚፈጅ ከሆነ 500 ብር ገደማ ይተርፋል። ማታ በያይነቱ አዝዘው የሚያካክሱት ከሆነ ግን ምንም አይተርፍም፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የዱቄት ወተቱን ሐኪም ካላዘዘ በቀር ይተዉት። እስከ ስድስት ወር ለሕፃን የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። አንድ ቆርቆሮ ገዝተው በወሩ ካልደገሙ፣ እንዳያልቅባት ስትል ውኃ ታበዛበታለች፤ ሕፃኑም መጥባት ስለሚቀንስ ጡቷ ይነጥፋል። በደንብ ያልታጠበ ጡጦ ሲጨመርበት ተቅማጥ ይከተላል። በዚያው ብር ለእናቲቱ ምስር፣ ሽሮና ዘይት፣ ለትልቁ ልጅ እንቁላል ይግዙ። ዐቢይ ጾም ገባ ብለው እንቁላሉን አያቋርጡበት፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይገደድም። የምታጠባው እናት አጿጿም ከንስሐ አባቷ ጋር የምትመክርበት ነው።

ለጉሊት መነሻ የሚሆን ገንዘብ መስጠት ጥሩ ነው፤ ግን ውዝፍ የቤት ኪራይ እንዳለባት አስቀድመው ይጠይቁ። ካለባት የሽንኩርት መግዣው በሳምንቱ አከራዩ እጅ ይገባል፣ እርስዎም «ሰጥቻት በላችው» ማለትዎ አይቀርም። መጀመሪያ ኪራዩ ይከፈል፣ መነሻው በኋላ ይምጣ። የልጁን ደብተርና ዩኒፎርም ነሐሴ ላይ ያዘጋጁ፤ መስከረም ላይ ከደረሰ ተበድራ ገዝታዋለች።

የሚሰጡበትን ቀን አይለዋውጡ። በየወሩ በ5 እንደሚመጣ ካወቀች ከባለሱቁ ዱቤ አትገባም። ዘይቱን በጥቁር ፌስታል ይዘው ይግቡ እንጂ ግቢውን አያሰሙ፤ ፎቶ ማንሳት የሚባለውንማ ጨርሶ አያስቡት። የ21 ዝክር ካለዎም ትርፍራፊ አይላኩላት፤ ጠርተው ከእንግዶቹ ጋር ያስቀምጧት።