ስለ ዡቨንቱት ባዳሎና ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ይኸው መልሱ

ሰሞኑን ስለ አንድ ስፔናዊ የቅርጫት ኳስ ኮከብ «ሪኪ ሩቢዮ በ2025 ወደ ልጅነት ክለቡ ወደ ዡቨንቱት ባዳሎና ተመለሰ» ብዬ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አላቋረጠም። ብዙዎቻችሁ የስፔን ቅርጫት ኳስ ሲባል የምታውቁት ሪያል ማድሪድንና ባርሴሎናን ነው። እኔ ደግሞ ይህን ክለብ በጣም ነው የምወደው። ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እዚህ ልመልስ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባዳሎና የባርሴሎና ሰፈር ናት እንዴ?

መልስ፦ አይደለችም፤ ራሷን የቻለች ከተማ ናት። ከባርሴሎና በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ላይ ነው ያለችው። ከባርሴሎና መሃል ተነስተህ በሜትሮ ትደርሳለህ። ከ200,000 በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። በሮማውያን ዘመን ቤቱሎ ትባል ነበር። በኋላ ደግሞ የፋብሪካና የወዛደር ከተማ ሆነች። የትልቅ ከተማ ጎረቤት ሆኖ ስምን ማስከበር ቀላል አይደለም። የባዳሎና ሰው ስሙን ያስከበረው በቅርጫት ኳስ ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ «ሁቬንቱድ» ይላል፣ አንዳንዱ «ዡቨንቱት»፣ ደጋፊዎቹ ደግሞ «ላ ፔኛ» ይላሉ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ክለብ ነው። የተመሠረተው መጋቢት 30 ቀን 1930 ነው። የሠፈር ጓደኛሞች ተሰብስበው ነው ያቋቋሙት። የመጀመሪያ ስሙ «ፔኛ ስፒሪት ኦፍ ባዳሎና» ነበር። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 ከኒው ዮርክ ፓሪስ ብቻውን ሲበር የአውሮፕላኑ ስም «ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ» ነበር፤ ልጆቹ ስሙን የወሰዱት ከዚያ ነው። «ፔኛ» ማለት የወዳጆች ስብስብ ነው፣ እኛ ማኅበር እንደምንለው።

ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ክለቡ «ወጣትነት» የሚል ትርጉም ያለውን የዛሬ ስሙን ያዘ። በአምባገነኑ በፍራንኮ ዘመን በካታላን፣ ማለትም በአካባቢው ቋንቋ፣ ያሉ ስሞች በስፓኒሽ እንዲጻፉ ይገደድ ስለነበር «ሁቬንቱድ» ተባለ። «ዡቨንቱት» የካታላኑ አጠራር ነው። ማሊያው አረንጓዴና ጥቁር ነው። ከተማው ውስጥ ግን «ላ ፔኛ» ካልክ ሁሉም ይገባዋል። ደግነቱ የኛ ፊደል «ኛ»ም «ዠ»ም ስላለው ስሙን እንደ ባለቤቶቹ መጥራት አያቅተንም።

ጥያቄ፦ ለምን ቅርጫት ኳስ? እንደ ሌላው ስፔን እግር ኳስ ለምን አልሆነም?

መልስ፦ ስፖርቱ ስፔን የገባው ባርሴሎናና ባዳሎና ባሉበት ክልል በካታሎኒያ በኩል ነው። አባ ኤውሴቢዮ ሚያን የሚባሉ መምህር ቄስ ኩባ ሳሉ አይተውት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ባርሴሎና ላሉ ተማሪዎቻቸው አስተማሩት። ከዚያ በአካባቢው ተዛመተ። ባዳሎና ላይ የያዘበት መንገድ ግን ልዩ ነው። በአንድ ወቅት ይህች ከተማ ሁለት ክለቦች በአንደኛው ሊግ ነበሯት። ሁለተኛው ኮቶኒፊሲዮ ነበር፤ ስሙ ራሱ የጥጥ ፋብሪካ ማለት ነው። አይቶ ጋርሲያ ሬኔሴስ የሚባለው ታላቅ አሰልጣኝ ስሙን የተከለው እዚያ ነው። የአይቶን ስም ያዙልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ዋንጫው ስንት ነው? በአጭሩ።

መልስ፦ የስፔን ሊግ 4 ጊዜ፦ 1967፣ 1978፣ 1991 እና 1992። የንጉሡ ዋንጫ (የስፔን የጥሎ ማለፍ ውድድር) 8 ጊዜ፤ የመጀመሪያው በ1948፣ የመጨረሻው በ2008። የኮራች ዋንጫ (ከዋናው በታች ያለ የአውሮፓ ክለቦች ውድድር) በ1981 እና በ1990። የአውሮፓ ሻምፒዮንነት በ1994። በ2006 የፊባ ዩሮ ካፕ፣ በ2008 ደግሞ ዩሌብ ካፕ፤ እነዚህም ከዋናው በታች ያሉ የአውሮፓ ውድድሮች ናቸው።

እኔ ግን ከዋንጫው በላይ የምኮራበት ሌላ ነገር አለ። ብሔራዊው ሊግ በ1957 ከተጀመረ ወዲህ አንድም ዓመት ሳይቀሩ አንደኛው ሊግ ላይ የተጫወቱት ሪያል ማድሪድና ዡቨንቱት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው የማድሪዱ ኤስቱዲያንቴስ ነበር፤ እሱም በ2021 ወረደ። ሪያል ማድሪድ በስተጀርባው የዓለም ሀብታም የእግር ኳስ ክለብ አለው። ዡቨንቱት ምንም የለውም።

ጥያቄ፦ እኔ የባርሳ ደጋፊ ነኝ። እውነት የአውሮፓ ዋንጫን ከባርሳ ቀድመው አነሱ?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ባርሳ የመጀመሪያውን ያነሳው በ2003 ነው። ዡቨንቱት ከዚያ 9 ዓመት ቀድሞ በ1994 አንስቶታል፤ ያውም በግማሽ ፍጻሜው ባርሳን ራሱን 79 ለ 65 አሸንፎ።

ጥያቄ፦ በ1992 ኢስታንቡል ላይ የሆነው ምንድነው? አንድ ስፔናዊ የሥራ ባልደረባዬ ስሙ ሲነሳ ፊቱ ይቀየራል።

መልስ፦ ይቀየር እንጂ! ይሄ ረጅም መልስ ያስፈልገዋል።

በ1992 ዡቨንቱት ከስፔን ሁሉ የበላይ ነበር። አሰልጣኙ ሎሎ ሳይንዝ ነው። ዦርዲ ቪያካምፓ፣ ወንድማማቾቹ ራፋና ቶማስ ዦፍሬሳ፣ አሜሪካዊው ኮርኒ ቶምፕሰን አሉ። ኢስታንቡል ላይ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የቀረበው ተጋጣሚ የቤልግሬዱ ፓርቲዛን ነው። ፓርቲዛን በዚያ ዓመት አገሩ ውስጥ መጫወት አይችልም ነበር፤ ዩጎዝላቪያ በጦርነት እየፈረሰች ነው። «የሜዳው» ጨዋታዎችን ያደረገው ማድሪድ አጠገብ ባለችው ፉየንላብራዳ ነው። አሰልጣኙ ዤልኮ ኦብራዶቪች ገና 32 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ራሱ ተጫዋች ነበር።

ጨዋታው አንገት ላንገት ሄደ። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ቶማስ ዦፍሬሳ አስገባና 70 ለ 68 ሆነ። ባዳሎና ሻምፒዮን ነው ተባለ። ፓርቲዛን ኳሱን ለአሌክሳንዳር ጆርጄቪች ሰጠ። ጆርጄቪች ሜዳውን በሩጫ አቋረጠ። ሚዛኑን እንኳ በደንብ ሳይጠብቅ ከባለ 3 ነጥቡ መስመር ወረወረ። ገባ። 71 ለ 70።

የዚያን ምሽት ፎቶዎች አይታችሁ ከሆነ የቪያካምፓን ፊት አትረሱትም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቡድኑ አልፈረሰም። በዚያው የውድድር ዘመን ሪያል ማድሪድን በፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታዎች 3 ለ 2 አሸንፎ የስፔን ሊግን ወሰደ። ለኔ የዚህ ክለብ ጠባይ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ ከዚያስ? የ1994ቱ ፍጻሜ እኛ ጋ ቴል አቪቭ ነበር አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ሚያዝያ 21 ቀን 1994፣ ያድ ኤሊያሁ አዳራሽ፣ የማካቢ ቴል አቪቭ ቤት። አዳራሹ ዛሬም አለ፣ ሜኖራ ሚቭታሂም ይባላል።

አሁን ልብ በይ። ሎሎ ሳይንዝ በ1993 ሲለቅ ዡቨንቱት የቀጠረው ማንን መሰለሽ? ኦብራዶቪችን! ልባቸውን የሰበረውን ሰው ራሱን አመጡት። ብዙ ክለብ እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን መስማት አይፈልግም። እነሱ ግን «ያሸነፈን ሰው ያሳየን» አሉ። ይህ ውሳኔ ሁሌም ያስደንቀኛል።

በፍጻሜው የተገናኙት ከግሪኩ ኦሊምፒያኮስ ጋር ነው። ጨዋታው ውበት አልነበረውም፤ ትግል ነበር። አብዛኛውን ሰዓት የመራው ኦሊምፒያኮስ ነው። 20 ሰከንድ ያህል ሲቀር 57 ለ 56 ይመራል። ኳሱ ኮርኒ ቶምፕሰን እጅ ገባ። ቶምፕሰን ቁመተ ረጅም፣ ቅርጫቱ ሥር የሚታገል ሰው ነው። ከሩቅ ወረወረ። ገባ። 59 ለ 57። በኢስታንቡል በባለ 3 ነጥብ የተነጠቁትን በቴል አቪቭ በባለ 3 ነጥብ አስመለሱ።

ገና አላለቀም። ኦሊምፒያኮሶች ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ጥፋት ተሠራባቸውና ዣርኮ ፓስፓሊ ለቅጣት ውርወራ ቆመ። ፓስፓሊ በፓርቲዛን የኦብራዶቪች የቡድን ጓደኛ የነበረ ነው። ሳተ። ባዳሎና የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። ኦብራዶቪች በኋላ በአሰልጣኝነት 9 የአውሮፓ ዋንጫ ሰበሰበ፤ ይሄኛው ሁለተኛው ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአሜሪካው ድሪም ቲም በባርሴሎና ኦሊምፒክ የተጫወተው ባዳሎና ነው የሚባለው ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ጎበዝ። የ1992 ኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ የተካሄደው ዡቨንቱት ዛሬም በሚጫወትበት አዳራሽ ነው። 12,500 ሰው ይይዛል፤ የተከፈተው በ1991 ነው። ከዚያ በፊት ክለቡ አውሲያስ ማርክ በሚባል ትንሽ አዳራሽ ነበር የሚጫወተው። ማይክል ጆርዳን፣ ማጂክ ጆንሰን፣ ላሪ በርድ ወርቁን የወሰዱት ባዳሎና ላይ ክሮኤሺያን 117 ለ 85 አሸንፈው ነው።

እኛ አፍሪካውያን ግን ከዚያ አዳራሽ የምናስታውሰው ሌላም ጨዋታ አለ። አንጎላ ስፔንን በገዛ አገሯ 83 ለ 63 ያሸነፈችው እዚያው ነው። ቪያካምፓና ዦፍሬሳዎቹ በዚያ የስፔን ቡድን ውስጥ ነበሩ። በስፔን እስከ ዛሬ ይወራል።

ጥያቄ፦ ሩዲ ፈርናንዴዝና ሪኪ ሩቢዮ ከዚህ ክለብ የወጡት እንዴት ነው? የተለየ አሠራር አላቸው?

መልስ፦ ስፔኖች ልጆች ማሳደጊያውን «ካንቴራ» ይሉታል፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ማለት ነው። ካታላኖቹ ደግሞ «ፕላንቴር» ይላሉ፣ የችግኝ ማፍያ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ካባ ውስጥ ድንጋዩ ድሮውኑ አለ፤ ችግኝ ግን ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ዡቨንቱት ኮከብ መግዛት ስለማይችል ልጁን 16 እና 17 ዓመቱ ላይ ከአዋቂዎች ጋር ያሰልፈዋል። ልጁ ይሳሳታል፣ ይማራል።

ሪኪን ተመልከቱ። ከባዳሎና አጠገብ ኤል ማስኖው በምትባል ከተማ ተወለደ። በ2005 ጥቅምት 15 አንደኛው ሊግ ላይ ሲሰለፍ 15 ዓመት አልሞላውም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በሊጉ ታሪክ ከሱ ያነሰ አልተሰለፈም ነበር። ያሰለፈው አይቶ ነው፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ። በቀጣዩ ዓመት ከ16 ዓመት በታች የአውሮፓ ፍጻሜ ላይ ሩሲያን ሲያሸንፉ ሪኪ ብቻውን 51 ነጥብ፣ 24 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 12 አሲስት (ነጥብ የሚያስገኝ ማቀበል) አስመዘገበ።

ሩዲ የመጣው ከማዮርካ ደሴት ነው። በ2008 የንጉሡን ዋንጫ ፍጻሜ ታው ሴራሚካን በገዛ ከተማው በቪቶሪያ 82 ለ 80 ሲያሸንፉ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዩሌብ ካፕን ቱሪን ላይ ጂሮናን 79 ለ 54 አሸንፈው ጨመሩ። ክረምቱ ላይ አይቶ የስፔን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ፣ ሩዲና ሪኪ አብረውት ቤጂንግ ሄዱ። ለወርቁ ከአሜሪካ ጋር ተፋልመው 118 ለ 107 ተሸነፉ። ሪኪ 17 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ለምን ከ2008 ወዲህ ትልቅ ዋንጫ የላቸውም?

መልስ፦ ገንዘብ። ያሳደጉትን ልጅ ማቆየት አይችሉም። ሩዲ በ2008 ወደ አሜሪካው ሊግ ወደ ኤንቢኤ፣ ፖርትላንድ ሄደ። ሪኪ በ2009 ወደ ባርሳ ሄደ፤ ክፍያው ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። ያ ገንዘብ ክለቡን አቆየው፣ ቡድኑን ግን አሳሳው። በ2008 ፍጻሜ ያሸነፉት ጂሮና በዚያው በ2008 ክረምት በዕዳ ፈረሰ። ዡቨንቱትም በ2018 ሊዘጋ ደርሶ ከተማው ምክር ቤትና አዲስ ባለሀብት ገብተው ነው የተረፈው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ክለቡን የያዙት የራሱ ልጆች ናቸው። ቪያካምፓ ከ1980 እስከ 1997 ሌላ ማሊያ ሳይለብስ ተጫወተ። 8 ቁጥሩን ከሱ በኋላ የሚለብሰው የለም። ከዚያ ከ1999 እስከ 2017 ፕሬዚዳንት ሆነ። እሱን የተካው ኹዋናን ሞራሌስም የቴል አቪቩ ቡድን ተጫዋች ነው። ገንዘብ ባይኖርም ቤቱን የሚያውቁ ሰዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ሪኪ ለምን ተመለሰ? ለዕድሜው ማብቂያ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ባትሉ ደስ ይለኛል። ሪኪ በ2023 ለአእምሮ ጤናው ሲል ጨዋታ አቋረጠ፤ ይህንንም በአደባባይ ተናገረ። በ2024 መጀመሪያ ኤንቢኤን ተሰናበተ። ለጥቂት ወራት ለባርሳ ተጫወተ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አረፈ። መጫወት ሲያምረው በ14 ዓመቱ ያሰለፈው ክለብ በር ከፈተለት። ስንት ነጥብ እንደሚያስቆጥር አልቆጥርም። መሳቁን ነው የማየው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ቅርጫት ኳስ ጀምሯል። ከዚህ ክለብ የትኛውን ጨዋታ ላሳየው?

መልስ፦ ሁለት ያሳዩት እናቴ። ቪዲዮዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ። መጀመሪያ የኢስታንቡሉን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ትንሽ ያቆዩት፣ ይናደድ። በነጋታው የቴል አቪቩን። ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይዛባ።