መልስ፦ ከአጥርዎ ጎን ስላለው ክፍት ቦታ

ካዛንቺስ ከግቢዎ ጎን በቆርቆሮ ታጥሮ የቀረው ባዶ ቦታ የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ እንደሆነና ለማን አቤት እንደሚሉ ጠይቀዋል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ ቦታውን በሊዝ የያዘ ሰው በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ግንባታ የመጀመር ግዴታ አለበት፤ ካልጀመረ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ ቦታው ባለይዞታ ይኑረው አይኑረው አስቀድመው ከክፍለ ከተማዎ የመሬት ጽሕፈት ቤት ያጣሩ። ለቆሻሻው ግን ይህን ሳይጠብቁ ለወረዳዎ ደንብ ማስከበር በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የቃል አቤቱታ፣ እኔ እንደማየው፣ ከበር አያልፍም። የተገነጠለውን ቆርቆሮና ክረምቱ ውሃ ያቆረበትን ጉድጓድ ፎቶ አንስተው ያያይዙ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ የገቢ ማኅተም አስመትተው ለራስዎ ያስቀሩ።