ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከባድ መኪና መንዳት ልጀምር ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 27 ዓመቴ ነው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቼ በመጪው ሳምንት ተሳቢ ባለው መኪና ረጅም መንገድ መሥራት እጀምራለሁ። ነባር ሹፌሮች «ወገብህንም ኩላሊትህንም ትጨርሰዋለህ» እያሉ ያስፈራሩኛል። እስካሁን ይህ ነው የሚባል ሕመም የለብኝም። ባለቤቴ ግን በጣም እንደማንኮራፋ ትነግረኛለች፤ አለርጂ ሲነሳብኝም ክሎርፌኒራሚን እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። ከመጀመሬ በፊት ምን ላድርግ? ወንበሩ ላይስ እንዴት ልቀመጥ?

መልስ፦ ነባሮቹ ያስፈራሩዎት በወገብና በኩላሊት ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰቡኝ ግን በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረጓቸው ሦስቱ ናቸው፤ ማንኮራፋቱ፣ ክሎርፌኒራሚኑና ሌሊት 10 ሰዓቱ። ሦስቱም የሚያመጡት አንድ አደጋ ነው፦ መሪ ላይ ማንቀላፋት። ወገብ የሚጎዳው ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው። እንቅልፍ ግን በመጀመሪያው ሳምንትም ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ክሎርፌኒራሚን አሮጌ ከሚባሉት የአለርጂ መድኃኒቶች ወገን ነው። ወደ አንጎል ስለሚገባ ያፈዛል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ማታ የዋጡት በማግስቱ ጠዋትም ሊያፈዝዎ ይችላል። ተንኮሉ ደግሞ ሰውየው «አልተኛሁም፣ ደህና ነኝ» እያለ እግሩ ፍሬን ላይ የሚደርስበት ጊዜ መዘግየቱ ነው። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይቀይሩት። ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለብዙ ሰው በቂ ነው፤ በዚህ መጠን ሲወሰድ የሚያፈዘው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ሴትሪዚን ጥሩ ቢሆንም ከሎራታዲን ይልቅ እንቅልፍ ያመጣል። ዋናው ችግርዎ የአፍንጫ መዘጋት ከሆነ ደግሞ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ የስቴሮይድ መድኃኒት ከሁሉም ይሻላል፤ ነገር ግን ሙሉ ሥራውን ለመሥራት ቀናት ስለሚፈልግ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይጀምሩ። ማንኛውንም አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ የሚሞክሩት በማይነዱበት ቀን ነው።

ለጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ብዙ ድብልቅ ክኒኖችም ያንኑ ክሎርፌኒራሚን ይዘዋል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ ትራማዶል፣ ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊንም ከሚያፈዙት ጎራ ናቸው። ከእንግዲህ መድኃኒት ቤት ሲገቡ የመጀመሪያው ቃልዎ «ሹፌር ነኝ» ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚያፈዝ መድኃኒት የሚሰጠው ሳይጠየቅ ሳይነገር ነውና።

ወደ ማንኮራፋቱ ስንመጣ፣ የሚያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ባለቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ማንኮራፋቱ መሃል ላይ ጸጥ ይላል ወይ? ቀጥሎስ እንደታነቀ ሰው አየር ስበው ይነቃሉ? እንዲህ ከሆነ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያም በላይ የሚቋረጥበት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሰውየው 8 ሰዓት ተኝቶ ይነሳል፤ አንጎሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ ስለነቃ አላረፈም። ጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ቀን ላይ መደንገዝ፣ ከፍ ያለ የደም ግፊትና ወፍራም አንገት ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ። በወንድ የአንገት ዙሪያ 43 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ልብ ይባላል፤ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩት። ባለቤትዎ ለጥቂት ደቂቃ በስልክ ቢቀርጹዎት ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ሐኪሙ የኤፕዎርዝ መጠይቅ የሚባለውን ሊሰጥዎ ይችላል። በ8 ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ ወይም ተሳፋሪ ሆነው ለአንድ ሰዓት ሲጓዙ፣ ምን ያህል እንደሚያንቀላፉ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣሉ። ድምሩ ከ10 ካለፈ የቀን እንቅልፍዎ ከልክ ያለፈ ነው። ራስዎን ላለማታለል ባለቤትዎ አጠገብ ተቀምጠው ይሙሉት፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ነጥቡን ዝቅ አድርጎ መሙላቱ የታወቀ ነው። ጥርጣሬው ከጸና በሌሊት ትንፋሽንና ኦክስጅንን የሚመዘግብ ምርመራ ይደረጋል። ሕመሙ ቢገኝም ሥራዎን ያጣሉ ማለት አይደለም፤ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት በሚያደርግ ጭምብል ይታከማል፣ ብዙዎችም ታክመው ይነዳሉ። ምርመራው እስኪያልቅ ግን፣ ቀን ላይ የሚያንቀላፉ ከሆነ መሪ አይጨብጡ። እስከዚያው በጎን መተኛት፣ መጠጥ መተውና አፍንጫን ማስከፈት ይረዳል።

አሁን ሌሊት 10 ሰዓትን እንያት። የሰው አካል እንቅልፍ የሚከብደው በሁለት ጊዜ ነው፦ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት እና፣ ቀለል ባለ መልኩ፣ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት። የእርስዎ ጉዞ ከከባዱ ሰዓት መሃል ይነሳል። ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ከሦስት ቀን በፊት ነው። «በጊዜ እተኛለሁ» ብሎ መጋደም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ያልደከመው አካል አልጋ ላይ እየተገላበጠ ያመሻል። የሚቀየረው መነሻው ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሱ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን 12፣ በሁለተኛው ከሌሊቱ 11፣ በሦስተኛው 10 ሰዓት ይነሱ፤ እንደተነሱ መብራት ያብሩ፣ ሲነጋም ወደ ብርሃን ይውጡ። ቡና ከቀትር በኋላ ይብቃዎት። በእነዚህ ቀናት ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ አይተኙ። እንዲህ ካደረጉ በዋዜማው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ እንቅልፉ ራሱ ይመጣል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲነሱም 7 ሰዓት ያህል ተኝተዋል። ሳይተኙ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ብቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። አለቃዎ ዋዜማውን ሙሉ ቀን ሲያስጭንዎ ውሎ ሌሊት ንዳ ቢልዎት ይህን ቁጥር ይንገሩት።

እንቅልፍ መምጣቱን የሚናገረው ዓይን ብቻ አይደለም። ደጋግሞ ማዛጋት፣ መስመር እየለቀቁ መመለስ፣ ፍጥነት ሳያውቁት ከፍ ዝቅ ማለቱ፣ ያለፉትን የመንገድ ምልክት አለማስታወስ፤ የመጨረሻው ከታየ ምናልባት ለሰከንዶች ተኝተው ነበር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ 89 ሜትር ገደማ ያለ ሹፌር ይጓዛል። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ማስጮህ፣ ፊትን መታጠብ የሚሰጡት ደቂቃዎችን ነው፣ ከዚያ በላይ አይጠብቁባቸው። የሚሠራው ይህ ነው፦ አስተማማኝ ቦታ ያቁሙ፣ አንድ ሁለት ስኒ ቡና ይጠጡ፣ ወዲያውኑ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ሸለብ ያድርጉ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ስለሆነ ሲነቁ ይደርስልዎታል። ከ30 ደቂቃ በላይ ከተኙ ግን ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ገብተው ደንዝዘው ሊነሱ ይችላሉ፤ ከተነሱም በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ሳይራመዱ አይንዱ። ይህ ዘዴ ሙሉ ሌሊት የሚተካ አይደለም፣ ጥሩ ማደሪያ ጋ ያደርሳል እንጂ። የሚያነቃ ክኒን ወይም ዕፅ የሚሰጥዎ የሥራ ባልደረባ ቢኖር እምቢ ይበሉ፤ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም፣ ኃይሉ ሲያልቅ የሚመጣው እንቅልፍ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለውም።

ወንበሩን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ የኋላ ኪስዎን ባዶ ያድርጉ፤ ቦርሳ ላይ መቀመጥ ዳሌን አዘንብሎ ወገብንና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ያስቆጣል። መቀመጫዎን ከወንበሩ መደገፊያ ጥግ ድረስ ያስገቡ። ከፍታውን ዳሌዎ ከጉልበትዎ ትንሽ ከፍ እስኪል ያስተካክሉ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ወለል ድረስ ይርገጡ፤ ጉልበትዎ አሁንም ትንሽ መታጠፍ አለበት፣ ቀጥ ካለ ወንበሩ ርቋል። መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ እንዲሠራ ትንሽ ወደኋላ ያዘንብሉት፤ የወገብ ድጋፍ ካለው ቀበቶ በሚታሰርበት ከፍታ ላይ ሞላ ያድርጉት፣ ከሌለው የተጠቀለለ ፎጣ ይበቃል። ትከሻዎ ከመደገፊያው ሳይነሳ እጅዎን ሲዘረጉ የእጅ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። በመጨረሻ ስፖኪዮዎቹን ያስተካክሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስፖኪዮው የማያሳይዎ ከሆነ የወረደው ወገብዎ ነው፤ መስታወቱን አይንኩ፣ ቀና ብለው ይቀመጡ።

በአየር የሚሠራ ወንበር ከሆነ ለክብደትዎ ማስተካከል እንዳይረሱ። ልክ ያልሆነ ወንበር ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ እስከ መጨረሻው ወርዶ ይመታል፤ ይህ ድንገተኛ ምት አከርካሪን የሚጎዳው ከለስላሳው ንዝረት ይልቅ ነው። ተቀምጠውበት ከላይም ከታችም እኩል መንቀሳቀሻ ሲኖረው ልክ ነው። ከእርስዎ በፊት የነዳው ሰው 100 ኪሎ፣ እርስዎ 65 ከሆኑ በእሱ ልክ መንዳት ትርጉም የለውም።

ከጋቢና መውረድን ብዙ ወጣት ሹፌር ይንቃል። ለሰዓታት የተቀመጠ እግር ደንዝዟል፤ በዚያ ከፍታ ላይ መዝለል ከክብደትዎ ብዙ እጥፍ የሚሆን ኃይል ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ወገብ ላይ ያሳርፋል። ፊትዎን ወደ ጋቢናው አዙረው፣ መሬቱን አይተው፣ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ መኪናውን እንደያዙ ይውረዱ። የሚይዙት መያዣ ብረቱን እንጂ በሩን አይደለም። እንደወረዱም ጭነት አያንሱ፤ ከረጅም መቀመጥ በኋላ የአከርካሪው ዲስኮችና ጅማቶች ለጉዳት የተጋለጡ ስለሆኑ 10 ደቂቃ ያህል ይራመዱ፣ ጎማዎቹን እየዞሩ ማየቱ ለዚህ ይመቻል። የተሳቢው መቆለፊያ እጀታ አልላቀቅ ሲልም ወገብዎን ጠምዝዘው አይታገሉት። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጭነቱ ስለሚስበው ነው፤ የተሳቢው ፍሬን እንደተያዘ መኪናውን ትንሽ ወደኋላ ገፋ ሲያደርጉት ይላላል። ወገብ ሕመም ከመጣ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ይሻላል፣ መንቀሳቀስም ይረዳዋል። እግር ከደከመ፣ በጭን መሃልና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ ግን ያው ዕለት ሆስፒታል ይግቡ።

ኩላሊቱስ? ንዝረቱ ኩላሊትን አይጨርስም። የሹፌር ኩላሊት ችግር የሚመጣው ውሃ በማጣት ነው፤ መቆም ስለማይፈልግ አይጠጣም፣ የተጠራቀመ ሽንት ደግሞ ኢንፌክሽን ይጋብዛል፣ ጥቅጥቅ ያለ ሽንትም ጠጠር ይሠራል። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ፣ በሙቀት ከዚያም በላይ፣ ጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ። ሽንትዎ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፤ ከጠቆረ ዘግይተዋል። ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ብልት የሚወርድ ሕመም፣ ደም ያለበት ሽንት ወይም ትኩሳት ከመጣ ያኔ ኩላሊት ይጠረጠራል።

ለሁሉም የሚጠቅመው መቆም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ 4 ሰዓት ተኩል ለነዳ ሹፌር የ45 ደቂቃ እረፍት ያስገድዳል፤ እንደ ሐኪም ግን በየ2 ሰዓቱ 15 ደቂቃ ወርደው እንዲራመዱ እመክራለሁ። ሽንትዎን ይሸናሉ፣ ወገብዎ ያርፋል፣ የእግር ደምም ይዘዋወራል። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አያሹት፣ ይመርመሩ። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት ድንገተኛ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የዓይን ምርመራ ያድርጉ። ግፊቱ ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ አርፈው ይቀመጡ፤ ደጋግሞ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ይፈልጋል። መነጽር ከታዘዘልዎ ሁለት ያሠሩ፣ አንዱ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ። ጥቁር መነጽር ሌሊት አያድርጉ። የመስኮቱ መስታወት ቆዳን የሚያስረጀውን ጨረር ስለሚያሳልፍ በዚያ በኩል ላለው ክንድዎ ረጅም እጅጌ ይልበሱ።

ያልጠየቁኝ አንድ ነገር፦ ጋቢና ውስጥ ተኝተው ሲያድሩ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ለሙቀት አይጠቀሙ፣ መስኮት ትንሽ ከፍቶም ቢሆን። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስተውም አይተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከተሰማዎ፣ በተለይ አብሮዎ ያለው ሰውም እንዲሁ ከተሰማው፣ በሩን ከፍታችሁ ሁለታችሁም ወዲያው ውጡና ወደ ሕክምና ሂዱ። እየነዱ እንዲህ ከተሰማዎ ደግሞ ቆመው ይውረዱ፤ የጭስ ማውጫው ቀዳዳ እንዳለው በመካኒክ ሳይታይ ጉዞው አይቀጥልም።